የመዶሻ ሥራ መምታት ነው ወይስ መታ አድርጎ መነሣት?

ባለዛቢያ (ውይይቱን የከፈተ)

ባለፈው ቅዳሜ በአባቴ መዶሻ የግቢያችንን በር ማጠፊያ ሳስተካክል የመዶሻው ራስ ከእጀታው ወልቆ ተወረወረና የውሃ ታንከሩ ሥር ወደቀ። እህቴ ከዚያው አጠገብ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ የተረፈችው በአንድ ስንዝር ነው። ከሁለት ወር በፊት እጀታውን ያስቀየርኩበት የእንጨት ሥራ ቤት ሽብልቅ ሳያስገባ፣ ክፍተቱን በማጣበቂያ ብቻ ደፍኖ እንደሰጠኝ ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

ድንጋጤው ካለፈልኝ በኋላ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ራሱ ለብቻው ከድንጋይ አይለይም፤ እጀታው ለብቻው ዱላ ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን የነበሩት አንጥረኛ የጋለውን ብረት ሁለት ሦስት ጊዜ ከመቱ በኋላ መዶሻቸውን መስፉ (ብረት የሚቀጠቀጥበት የብረት መደብ) ላይ ቀስ አድርገው ያነጥሩትና እንደገና ወደ ብረቱ ይመለሱ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የመዶሻ ጥበብ ያለው መታ አድርጎ በመነሣቱ ላይ ይመስለኛል፤ መትቶ እዚያው የሚቀር ነገር ክብደት ይባላል እንጂ መዶሻ አይባልም።

ይህ አስተያየቴ ትክክል መሆኑን በሥራው ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። መዶሻን በጦር መሣሪያነት፣ በሙዚቃ መሣሪያ ውስጥ ወይም በምልክትነት የምታውቁትም የምታውቁትን ጨምሩበት። የእጀታውን ነገር የሚመክረኝ ካለም አልጠላም።

---

ወናፍ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እኅትዎን እንኳን እግዚአብሔር አተረፋት። እኔ የጋራዥ ሠራተኛ ነኝ፤ አያቴም ቀጥቃጭ ነበሩ።

ከእጀታው ልጀምር። የመዶሻው ራስ ቀዳዳ ወጥ አይደለም፤ መሐሉ ጠበብ፣ ሁለቱ አፎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። እንጨቱ ከታች ገብቶ ከላይ ብቅ ሲል ጫፉ አስቀድሞ በመጋዝ መሰንጠቅ አለበት፤ ሽብልቁ በዚያ ስንጥቅ ሲገባ እንጨቱ ከላይ በኩል ይሰፋና ራሱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይቆልፈዋል። ማጣበቂያ ይህን አይተካም። ብዙ ሰው እጀታው ሲላላ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ይህ ለአንድ ቀን ይረዳል፣ ነገር ግን ያበጠው እንጨት ከብረቱ ጋር ተጨፍልቆ ሲደርቅ ከቀድሞው ያነሰ ስለሚሆን በሳምንቱ ይብሳል። እንጨቱ ወይራ ቢሆን መልካም ነው፤ የእንጨቱ ጭረት ግን ከራስ እስከ ጫፍ በቁመቱ መሄድ አለበት፣ አግድም የሄደ ጭረት ያለው እጀታ ምንም ወይራ ቢሆን ይሰበራል።

ራሱን ለማስገባት መሬት ላይ አይደብድቡት። መዶሻውን ራሱን ወደ ታች አድርገው በአየር ላይ ይያዙትና የእጀታውን ጫፍ ከላይ በእንጨት ይምቱት። ራሱ ከባድ ስለሆነ ባለበት ይቆያል፤ እጀታው ወደ ታች ሲሄድ ራሱ እጀታው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፤ በከፊል እስማማለሁ። አያቴ መስፉን መታ መታ የሚያደርጉት እጃቸውን ለማሳረፍና በጉጠት የያዙትን ብረት አገላብጠው ቀጥሎ የሚመታውን ቦታ ለማየት ነበር። ጥሩ መስፍ መዶሻውን አንጥሮ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ አንጥረኛው በእጁ ማንሣት የሚጠበቅበት የቀረውን ብቻ ነው። መስፉ ለስላሳ ከሆነ በቀኑ መጨረሻ ክንዱ ያልቃል።

ሚስማር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ራስ በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቢመጣ የያዘው ጉልበት 25 ጁል ነው። ሚስማሩ 5 ሚሊ ሜትር ገብቶ ቢቆም፣ ያ ሁሉ ጉልበት በዚያች 5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስለሚያልቅ በሚስማሩ ላይ ያረፈው ግፊት በአማካይ 5,000 ኒውተን፣ ማለትም ግማሽ ቶን ዕቃ እንደ መጫን ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ መዶሻው ቢነጥር ኪሳራ ነው፤ የነጠረበት ጉልበት ሚስማሩን ያላስገባ ጉልበት ነውና። በጋራዣችንም ከውጭ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ውስጡ ክፍት ሆኖ የብረት ፍሬዎች የተጨመሩበት መዶሻ አለ። ሲመታ ራሱ ሊነጥር ሲል ፍሬዎቹ ዘግይተው ስለሚደርሱ ያረጋጉታል፤ እንዳይነሣ ተብሎ የተሠራ መዶሻ ማለት ነው። ስለዚህ «መትቶ የሚቀር መዶሻ አይባልም» ያሉት ለእኛ ቤት አይሠራም።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ፦ መዶሻን በመዶሻ አይምቱ። የሁለቱም ፊት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

---

ጥቁር ቁልፍ

እኔ በአሜሪካ ሜሪላንድ ፒያኖ በመቃኘትና በመጠገን እተዳደራለሁ፤ በቀን ውስጥ ከማንኛውም አናጺ የበለጠ መዶሻ አያለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ፒያኖ 88 ቁልፎች፣ 88 መዶሻዎችና 230 ያህል ክሮች አሉት።

በአማርኛ «ክራር መታ» እንላለን፤ ነገር ግን ክራር አይመታም፣ ክሩ በጣት ወይም በግርፍ ይነካል። በገናም እንዲሁ ነው፤ ማሲንቆ ደግሞ ይገዘገዛል። ከክር መሣሪያዎቻችን መካከል በመዶሻ የሚመታ የለም። በእርግጥ የሚመታው ፒያኖ ነው፤ የሚገርመው ግን ተጫዋቹ ክሩን የሚመታው በእጁ ይዞ አይደለም፣ ወርውሮ ነው።

ከፒያኖ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን በትንሽ ምላስ እየነቀሰ ስለሚያሰማ ቁልፉን ቀስም አደረጉት በኃይልም ተጫኑት ድምፁ ያው ነበር። በፍሎረንስ የሜዲቺ ቤተ መንግሥት የመሣሪያ ሠሪ የነበረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ምላሱን በመዶሻ ተካው። እርሱ ከሠራቸው መካከል እስከ ዛሬ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የ1720ው በኒው ዮርክ፣ የ1722ው በሮም፣ የ1726ው በላይፕሲሽ ይገኛሉ።

ክሪስቶፎሪ የገጠመው ችግር የባለዛቢያ ጥያቄ ራሱ ነው። መዶሻው ክሩን መትቶ እዚያው ከተደገፈ ክሩ አይርገበገብም፤ የሚሰማው እንጨት በጨርቅ ላይ የወደቀ ያህል የታፈነ ድምፅ ነው። ስለዚህ መዶሻውን የሚያነሣው የእንጨት ክንድ፣ መዶሻው ክሩን ሊነካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከሥሩ ሸርተት ብሎ ይወጣል። የቀረችውን መንገድ መዶሻው ማንም ሳይገፋው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ይመታል፣ በክሩ ግፊት ይመለሳል፣ ሲመለስም ደግሞ እንዳይዘል ከኋላ የሚይዘው አለ። ይህ ማለት ድምፁ በሚወለድበት ቅጽበት የተጫዋቹ ጣት ከመዶሻው ጋር ግንኙነት የለውም፤ አስቀድሞ የሰጠው ፍጥነት ብቻ ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ1821 ሴባስቲያን ኤራር መዶሻው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ዳግመኛ መምታት የሚችልበትን ስልት አወጣ፤ ያ ባይኖር ፈጣን ድግግሞሽ በከባዱ ፒያኖ ላይ አይታሰብም ነበር።

የክሪስቶፎሪ መዶሻዎች ቆዳ የለበሱ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1826 ፓሪስ ውስጥ ዣን ሄንሪ ፓፕ የተጠቀጠቀ ሱፍ አለበሳቸው። ዛሬም ሱፍ ነው። ከጊዜ ብዛት ክሮቹ በሱፉ ላይ ቦይ ይቆፍራሉ፣ ሱፉም ይደነድንና ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይሰላል። ያን ጊዜ ሥራዬ መዶሻውን ማለስለስ ነው፤ ሦስት መርፌዎች በተሰኩበት እጀታ ሱፉን ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብዬ ደጋግሜ እወጋለሁ፣ ቁልፉን እነካለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ እንደገና እወጋለሁ። አንዲት መርፌ ከበዛች ድምፁ ይሞታል፤ የወጋኸውን ደግሞ መልሰህ አታወጣም።

በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ይኖሩ የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) ፒያኖ ሲጫወቱ ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ይህንኑ ነው። የእርሳቸው አጨዋወት መዶሻ መኖሩን ያስረሳል፤ የተደረደረ በገና እንጂ የተመታ ክር አይመስልም።

---

ድንጋይ ለቃሚ

ባለዛቢያ «ራሱ ለብቻው ከድንጋይ አይለይም» ያለው ከሚያስበው በላይ እውነት ነው። በአፋር ክልል በጎና 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ እነዚያን ስለታም ስባሪዎች ለማውጣት ከወንዝ ዳር የተለቀመ ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ተመትቷል። መቺው ድንጋይ መዶሻ ነው። በኬንያ ሎመክዊ የተገኙት ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። እጀታ የመጣው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው፤ በመዶሻ ታሪክ ውስጥ እጀታው የትናንት እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። አጥንት ሰብሮ መቅን ለማውጣትም ያው ድንጋይ አገልግሏል፤ ስለዚህ መሣሪያነቱና ወጥ ቤትነቱ ከጥንትም አልተለያዩም።

---

የንባብ ቤት ልጅ

ስለ ጦር መሣሪያነቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ልጀምር። በመሳፍንት ምዕራፍ 4 የሔቤር ሚስት ኢያዔል የሠራዊት አለቃውን ሲሣራን የገደለችው በድንኳን ካስማና በመዶሻ ነው፤ ሰይፍ አልያዘችም፣ ድንኳን ተካይ ሴት የምታውቀውን የቤት ዕቃዋን ነው ያነሣችው። በዚያ ቦታ የዕብራይስጡ ቃል «መቀቤት» ይላል። በ1ኛ ነገሥት 6፥7 የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲሠራ የመዶሻ ድምፅ አልተሰማም ሲልም የሚጠቀመው የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ በተፈለፈለበት ቦታ ተስተካክሎ ይመጣ ነበርና።

ይህንን ያነሣሁት «መቃቢ» ለሚለው ስም ብዬ ነው። የአይሁድ ተዋጊዎች መሪ የነበረው የይሁዳ መቃቢ ቅጽል «መዶሻ» ማለት ነው የሚለው ትርጓሜ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሌሎች ደግሞ የአንድ ጥቅስ ቃላት መነሻ ፊደላት ተገጣጥመው የወጣ ነው ይላሉ። አንዳንድ ወዳጆቼ የእኛው «መቃብያን» በ«ቀ» መጻፉን ለመዶሻው ትርጓሜ ማስረጃ ያደርጉታል፤ ይህ ግን አያስኬድም። ግዕዙ የጽርኡን (የግሪኩን) ፊደል «ካፓ» ብዙ ጊዜ በ«ቀ» ስለሚጽፍ (ቆሮንቶስንና ቆላስይስን ልብ ይሏል) ከዕብራይስጡ ፊደል ጋር መገጣጠሙ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የእኛ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ከጽርኡ መጻሕፍት በይዘት የተለዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚተርከው ስለ ንጉሡ ጺሩጻይዳንና ከብንያም ነገድ ስለሆነው ስለ መቃቢስ ነው።

በትንቢተ ኤርምያስ 23፥29 የእግዚአብሔር ቃል ድንጋይን በሚያደቅቅ መዶሻ ተመስሏል። ይህ መዶሻ ይነሣል ወይስ ይቀራል ብሎ መጠየቅ ግን ምሳሌውን ከልኩ በላይ መጎተት ይሆናል።

---

ጥሩር

በአውሮፓ መዶሻ ከአናጺ እጅ ወጥቶ ወደ ፈረሰኛ እጅ የገባበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ፈረሰኞች ከራስ እስከ እግር የብረት ሰሌዳ መልበስ ሲጀምሩ ሰይፍ በሰሌዳው ላይ እየተንሸራተተ ይመለስ ጀመር። መዶሻ መቁረጥ አያስፈልገውም፤ ብረቱ ሳይበሳ ከሥሩ ያለውን አጥንት ያናጋል። የጦር መዶሻ ራስ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ግዙፍ አልነበረም፣ ከአናጺ መዶሻ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በጀርባው ደግሞ እንደ ቁራ አፍ የሾለ ጫፍ ነበረው። በእኛ አገር ጥሩር (የብረት ልብስ) የለበሱ ቢኖሩም አብዛኛው ተዋጊ የሚከላከለው በቆዳ ጋሻ ስለነበር ጦርና ጎራዴ በቂ ነበሩ፤ መዶሻውም በቀጥቃጩ እጅ ቀረ።

«መዶሻው» የሚል ቅጽል የወጣለት ሻርል ማርቴል፣ እ.ኤ.አ. በ732 በፖይቲየ አጠገብ ያሸነፈው የፍራንኮች መሪ፣ ስሙ የተሰጠው በሕይወቱ ሳይሆን ከሞተ በኋላ ነው።

---

የቀለም ቆርቆሮ

ልጆቼ፣ ስለ ምልክቱ ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ። በወጣትነቴ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ ነበርኩ። በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ አሥረኛው የአብዮት በዓልና የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ ለመስከረም ሲዘጋጅ፣ በከተማው ቀለም የሚይዝ እጅ ሁሉ ማጭድና መዶሻ ይሥል ነበር። ለእኔ የደረሰኝ አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። እንደ ምሳሌ የተሰጠኝ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የመጽሔት ሥዕል ነበር፤ በስስ ወረቀት ገልብጬ ወደ ሰሌዳው ሳሸጋግረው ወረቀቱን በስተጀርባው አስቀመጥኩትና ሁሉ ነገር ግራና ቀኙ ተለዋወጠ። የማጭዱ ጉብታ ወደ ግራ፣ የመዶሻው ራስ ወደ ቀኝ ዞረ። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሊያዩት የመጡት ኃላፊ «ይህ የየትኛው አገር አብዮት ነው?» አሉኝ። እስኪነጋ ድረስ ስቀባ አደርኩ።

ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1918 በሞስኮ ለውድድር ከቀረቡት የተመረጠ ነው፤ ሥዕሉ የየቭጌኒ ካምዞልኪን እንደሆነ ይነገራል። መዶሻው የወዝአደሩ፣ ማጭዱ የገበሬው ነው። ሌሎች አገሮች እንደየፍላጎታቸው አቀናጅተውታል፦ ምሥራቅ ጀርመን መዶሻውን ከክብ መሥሪያ ኮምፓስ ጋር አደረገችው፣ የሰሜን ኮሪያ ፓርቲ በመሐል የጽሕፈት ብሩሽ ጨመረበት፤ ኮሚዩኒስት ያልሆነችው ኦስትሪያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣችው አርማ ላይ ንስሯ በአንድ እግሯ መዶሻ፣ በሌላው ማጭድ ይዛለች።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ይህንን ነው። ሰሌዳው ከሚቆምበት መንገድ ማዶ አንድ ቀጥቃጭ ይሠሩ ነበር። መዶሻውን ስሥል ለትክክለኛነቱ ብዬ የእርሳቸውን ተውሼ ከሰሌዳው ሥር አስቀመጥኩት። ፊቱ ከብዙ ምት የተነሣ መሐሉ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ እንደ እንጉዳይ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነበር፤ እጀታውም አውራ ጣታቸው በሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ጎርጉዷል። ያንን ሁሉ አስገብቼ ሣልኩት፤ በሥራዬም ደስ አለኝ። በማግሥቱ ኮሚቴው መጥቶ «ይህ የወዝአደር መዶሻ አይመስልም፣ አዲስ አድርገው» አለኝ። ጠርዙን አስተካከልኩ፣ እጀታውን ቀጥ አደረግሁ። ሰውየው ከማዶ ሆነው እያዩ «የእኔን ሳይሆን የሱቁን ሣልህ» ብለው ሳቁ። እነዚያን ሰው የሰፈሩ ልጆች ቡዳ እያሉ ይሸሿቸው ነበር፤ ማረሻ የሚያሹ ገበሬዎች ግን ከሩቅ ይመጡባቸው ነበር።

ባለዛቢያ የጠየቅኸውን በእኔ ሥራ ብመልስልህ፣ እኔ የሣልኩት መዶሻ አልወረደም፣ አልተነሣምም፤ ሰባት ዓመት እዚያው ተሰቅሎ ቆመ። በ1983 ዓ.ም. ያንኑ ሰሌዳ ነጭ ቀብቼ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ጻፍኩበት። ከሥሩ ያለው ቀይ ለሁለት ክረምት እየሰረገ ዳቦዎቹን ሮዝ አደረጋቸው።

---

ወናፍ

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አያቴን «ቀጥቃጭ» የሚሏቸው በስድብ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሰልፍ ላይ መዶሻ የተሣለበት ባንዲራ አሸክመዋቸው እንደነበር አባቴ ይነግረኛል። እርሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እጀታው አጭር ነው፣ በዚህ ማንም ብረት አይቀጠቅጥበትም።»

---

ቴምዝ ዳር

በአጭሩ ስለ ፍርድ ቤቱ መዶሻ፦ በአገራችን የሕግ ቢሮዎች ማስታወቂያ ሁሉ ላይ የሚታየው ያ የእንጨት መዶሻ የአሜሪካ ልማድ ነው፤ የእንግሊዝ ዳኞች አይጠቀሙበትም። እዚህ እንግሊዝ በእርግጥ የሚሠራው በጨረታ ቤት ነው፣ ሲወርድ ዕቃው ተሸጠ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ከአይስላንድ የተበረከተለት መዶሻ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ፕሬዚዳንቱ አየርላንዳዊው ፍሬድሪክ ቦላንድ የተናወጠ ጉባኤ ጸጥ ለማሰኘት ሲመቱበት ተሰበረ።

---

ጥቁር ቁልፍ

ወናፍ ስለማይነጥረው መዶሻ የጻፉት አሳማኝ ነው። ይሁንና አንድ መዶሻ ቀርቷችኋል፤ በጆሮ ታምቡር ላይ ተጣብቃ የምትኖረው አጥንት ስሟ መዶሻ ነው፣ ቀጥሎ መስፍ፣ ከዚያም እርካብ አለ። ይቺ መዶሻ በሕይወት ዘመኗ አንድም ጊዜ አትመታም፤ ከታምቡሩ ጋር ትርገበገባለች እንጂ ከመስፉ ተለይታ አትነሣም። በመርፌ ስወጋ የምሰማውን ሁሉ የምሰማው በእርሷ ስለሆነ ብትነጥር ሥራዬ ያበቃ ነበር።

---

ባለዛቢያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አነጋገሬን አርማለሁ፦ መስፍና ክር ላይ መነሣት አለበት፣ ሚስማር ላይ መቅረት አለበት። ጋሼ፣ ስለ ሰሌዳው የጻፉትን ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ የመዶሻቸውን እጀታ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ዝም አሉ።

ትናንት ወይራ ጠርቤ፣ ጫፉን ሰንጥቄ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጌ በአየር ላይ ይዤ መታሁት። ወናፍ እንዳሉት ብረቱ በእያንዳንዱ ምት እጀታው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ እያለ ወጣ፤ እህቴ ጠርታ ያሳየችው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ካልመታሁ አለ። ሽብልቁን ካስገባሁ በኋላ ትርፉን በመጋዝ ቆረጥኩ። የበሩ ማጠፊያ ግን እስከ አሁን ያንጫርራል፤ እህቴ ለእርሱ ዘይት እንጂ መዶሻ እንደማያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀን ነግራኝ ነበር።